ምን እንስጠው?

መቼም አሜሪካ የገባ ሀበሻ ሁሉ ይቺን ጥያቄ አንድ ቀን ሳይጠይቅ አይቀርም። «በእጅ የሚጫወቱትን ጨዋታ ምን ነክቷቸው ነው ፉትቦል የሚሉት?» እዚህ ቨርጂኒያ፣ የኛ ሰዎች ቡና በሚጠጡበት ቤት፣ ጥያቄው በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ይነሳል፤ የካቲት ሲገባ መልስ ሳያገኝ ይተኛል። «ጋሼ» የምንላቸው፣ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖሩ አንድ ሰው አሉ። «አሥራ አንዱ ጎረምሳ በአሥራ አንዱ ላይ ይከመራል። ፊሽካ ይነፋል። ይነሳሉ፤ ክብ ሠርተው ይማከራሉ፤ ተመልሰው ይከመራሉ። ይኼ ስብሰባ ነው እንጂ ጨዋታ ነው?» ይላሉ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ይቀበላቸዋል፤ «ስብሰባም ከሆነ ከኛ ማኅበር ስብሰባ ይሻላል ጋሼ። እነሱ በአርባ ሰከንድ ተማክረው ወደ ሥራ ይገባሉ።»

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን ጋሼ ሳያስቡት ነገሩን ነክተውታል። ይህ ጨዋታ ግማሹ ጉልበት፣ ግማሹ ስብሰባ ነው። ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ግፊያ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች በር ዘግተው፣ ቪዲዮ እያዩ፣ ወረቀት ላይ ክብና መስቀል እየሣሉ ሳምንቱን ሙሉ ይከርማሉ። ግፊያውን እስከ ዛሬም በግማሽ ዓይኔ ነው የማየው። እኔን የሳበኝ ያ የተዘጋ በር ነው። በተለይ ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ማንም አሸንፎት የማያውቅ ቡድን ሲመጣብህ፣ ከበሩ ወዲያ ምን ይባላል?

ጥያቄውን እቤቴ ድረስ ያመጣው ልጄ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን ይጫወታል። ከመከላከሉ ወገን ነው። የፊት መስመሩ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ኳስ የያዘውን አሳድዶ መጣል ነው ሥራው። ባለፈው ጥቅምት፣ ስምንት ተጫውቶ ስምንቱንም ያሸነፈ ቡድን ሊገጥማቸው ሆነ። የዚያ ቡድን ኳርተርባክ ደግሞ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከወዲሁ የሚሻሙበት ልጅ ነው። ልምምድ እስኪያልቅ አጥሩ ጥግ የምንጠብቅ ወላጆች ወሬያችን ሁሉ እሱ ሆነ። ክንዱ እንዲህ ነው፣ ዓይኑ እንዲህ ነው… በመጨረሻ አንዱ አባት «ዋናው ልጆቹ በሰላም መመለሳቸው ነው» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ይህ አባባል በየትኛውም ቋንቋ ትርጉሙ ያው ነው፤ ተሸንፈናል ማለት ነው።

ማክሰኞ ማታ ልጄ ፊቱን አጥቁሮ ገባ።

«አባዬ፣ ወደ ውስጥ አዛወሩኝ» አለኝ።

«ምን አጠፋህ?» አልኩት። እኔ በማውቀው ሰው ያለ ጥያቄው የሚዛወረው ሲያጠፋ ነዋ!

ጥፋት አልነበረም። አሰልጣኙ ከጫፍ አንስቶ መሀል ሊያሰልፈው፣ ሠላሳ ኪሎ ከሚበልጡት ልጆች ፊት ሊያቆመው አስቧል። እናቱ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። እሷ ድሮም «ይህ ጨዋታ ጭንቅላት ይጎዳል» እያለች ነው የኖረችው፤ ደግሞም እውነቷን ነው፤ ሐኪሞች በዚህ ላይ የተናገሩት ቀላል አይደለም። ልጄ ግን እሷን ለማሳመን ጊዜ አልነበረውም። አሰልጣኙ «ይህን አይታችሁ ኑ» ብሎ ያዘዛቸውን አንድ የቆየ ጨዋታ ከፈተ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የሚያጠቃው ቡድን አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ለመራመድ አራት ዕድል አለው። ከተራመደ ሌላ አራት ይጨመርለታል፤ ካቃተው ኳሱን ያስረክባል። ኳሱ በየጊዜው መጀመሪያ የሚገባው ኳርተርባክ በሚባለው ሰው እጅ ነው። አምስት ግዙፍ ሰዎች ከፊቱ ቆመው ይጠብቁታል፤ ሌሎቹ ወደፊት ሮጠው፣ ኳስ የሚወረወርላቸው ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ። ጎበዝ ኳርተርባክ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ ያውም ሦስት ሰከንድ ያህል። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሜዳውን ያነባል፣ የተዘነጋውን ሰው ያገኛል፣ ይወረውራል። ተከላካዩም ያለው አሥራ አንድ ሰው ነው። ኳርተርባኩን ለማጣደፍ ብዙ ሰው ከላከ ኋላው ይሳሳል፤ ኋላውን ካበዛ ደግሞ ኳርተርባኩ ሦስት ሰከንዱን ያገኛል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለው ተረት ለዚህ ሰው የተተረተ ነው የሚመስለው።

ልጄ የከፈተው ጨዋታ የተደረገው በፈረንጆች አቆጣጠር የካቲት 3 ቀን 2008፣ አሪዞና ውስጥ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ሱፐር ቦውል የሚሉት የሻምፒዮናው ጨዋታ ነው። በአንድ ወገን ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ። ይህ ቡድን አሥራ ስድስቱንም የመደበኛ ጨዋታዎች አሸንፏል፤ ከዚያ ሁለት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጨምሮ አሥራ ስምንት ለዜሮ ሆኖ መጥቷል። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ በመደበኛው ውድድር 50 የታችዳውን ኳሶች ወርውሯል፤ በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ከእነዚህ 23ቱን የተቀበለው ራንዲ ሞስ ነው። ቡድኑ 589 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በአንድ ጨዋታ 37 ገደማ ማለት ነው።

በሌላው ወገን አሥር አሸንፎ ስድስት የተሸነፈው ኒው ዮርክ ጃያንትስ። የመከላከሉን ክፍል የሚያሰለጥነው ስቲቭ ስፓግኑሎ ለቦታው አዲስ ነበር። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ብቻ 80 ነጥብ ገብቶበታል። እንግዲህ ብሬዲን እንዲያቆም የተላከው ይህ ሰው ነው።

ግን ሁለቱ ቡድኖች ከአምስት ሳምንት በፊት ተገናኝተው ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን 2007፣ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ። ለጃያንትስ ያ ጨዋታ ምንም አይለውጥም፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ጥሎ ማለፍ ውስጥ ቦታቸው ተቆርጦላቸዋል። እንዲህ ሲሆን ብዙ አሰልጣኝ ዋና ዋናዎቹን ያሳርፋል። ዋናው አሰልጣኝ ቶም ኮፍሊን አላሳረፈም፤ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰለፈ። 38 ለ 35 ተሸነፈ። ሰውም ተጎዳበት። ከሩቅ ላየው ከንቱ ድካም ነው። እነሱ ግን ከዚያ ምሽት አንድ ነገር ይዘው ወጡ። ያ የማይደፈር ቡድን ሲነኩት የት የት እንደሚያመው በገዛ እጃቸው ዳስሰው አወቁ።

እናላችሁ፣ በየካቲቱ ጨዋታ ስፓግኑሎ ያደረገው ይህን ነው። ብሬዲን ለማጣደፍ ብዙ ሰው መላክ አደጋ ነው፤ ብሬዲ ሰው የጎደለበትን ቦታ ከማንም ቀድሞ ያያል። ስለዚህ በአብዛኛው አራት ሰው ብቻ እየላከ፣ ሰባቱን ከኋላ አስቀረ። አራቱ አምስት ጠባቂዎችን ማለፍ አለባቸው። እንዴት? ማይክል ስትሬሃንና ኦሲ ኡመኒዮራ ከጫፍና ከጫፍ፤ ጀስቲን ተክን ደግሞ፣ እሱም የጫፍ ሰው ነው፣ ኳስ ይወረወራል ተብሎ በሚጠበቅበት ጊዜ ወደ መሀል አስገባው። መሀል ያሉት ጠባቂዎች ግዙፍ ናቸው፤ ፈጣን ሰው ሲመጣባቸው ግን እግራቸው አይደርስም። ከጫፍ የሚመጣውን ብሬዲ ወደፊት ራመድ ብሎ ያመልጠው ነበር። ከመሀል የሚመጣው ግን ራመድ የሚልበትን ቦታ ራሱን ነው የሚወስደው።

እዚህ ላይ ልጄ ቪዲዮውን አቆመው። «ወደ ውስጥ አዛወሩት» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ፊቱ ግን ፈካ።

በመደበኛው ውድድር አሥራ ስድስት ጨዋታ ሙሉ ኳስ እንደያዘ 21 ጊዜ ብቻ የተጣለው ብሬዲ፣ በዚያ አንድ ምሽት አምስት ጊዜ ተጣለ። ሁለቱን የጣለው ተክ ነው። ወርውሮ ከጨረሰ በኋላ የተገፋውንና የወደቀውን ትቼ ማለቴ ነው። ሦስቱ ሰከንድ ጠፋች።

እኔን የገረመኝ ግን የተከለከለው አይደለም፤ የተፈቀደው ነው። ብሬዲ በዚያ ምሽት 48 ጊዜ ወርውሮ 29 ጊዜ ተሳክቶለታል። ዌስ ዌልከር የሚባለው አጭር ሰው አሥራ አንድ ኳስ ተቀብሏል። አጭር አጭር ኳስ፣ አምስት ያርድ፣ ስምንት ያርድ። «ይውሰደው» የተባለ ነው የሚመስለው። ረጅሙን፣ በአንድ ውርወራ ጨዋታ የሚገለብጠውን ግን ከለከሉት። 589 ነጥብ ያስቆጠረው ቡድን በዚያ ምሽት ያገኘው 14 ነው። ጃያንትስ 17።

አሁን ደግሞ የነገሩን አስገራሚ ጎን ስሙ። በዚያ ምሽት የፓትሪየትስ ዋና አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ ነበር። ይህ ሰው ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ በጥር 1991፣ የዚያው የጃያንትስ የመከላከል ክፍል አሰልጣኝ ነበር። ኮፍሊንም አብሮት በረዳት አሰልጣኝነት ይሠራ ነበር። ያኔ ሱፐር ቦውል ላይ የገጠማቸው ባፋሎ ቢልስ ነው። በኳርተርባኩ በጂም ኬሊ እየተመራ፣ ሳይማከር እየተጣደፈ የሚያጠቃ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ 51 ለ 3 አሸንፎ የመጣ ቡድን። ጃያንትስ በታኅሣሥ ተገናኝተውት 17 ለ 13 ተሸንፈዋል። እዚህም የታኅሣሥ ሽንፈት!

ቤሊቺክ በር ዘግቶ ለተጫዋቾቹ የነገራቸው ነገር ጆሯቸውን አሳመማቸው። የቢልስ ሯጭ ቴርማን ቶማስ መቶ ያርድ ቢሮጥ ደስ ይለኛል አላቸው። እነዚያ ተከላካዮች ደግሞ ሯጭ በማቆም የሚኮሩ ነበሩ፤ እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት። ሰውየው ግን አስልቷል። ቢልስ እየሮጡ ከመጡ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት፤ እየወረወሩ ከመጡ ግን ማንም አይመልሳቸውም። ስለዚህ ከፊት ሰው ቀንሶ ከኋላ አበዛ። ሩጫውን ሰጠ፤ ውርወራውን ነፈገ። ቶማስ 135 ያርድ ሮጠ። የጃያንትስ አጥቂዎች በበኩላቸው ከስድሳው ደቂቃ አርባውን ኳሱን ይዘው ቆዩ። 20 ለ 19 አሸነፉ። ያ የቤሊቺክ ዕቅድ ዛሬ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ፣ በፉትቦሉ የክብር ሙዚየም ተቀምጧል። ጃያንትስ በ2008 ለቤሊቺክ ያቀረቡለት፣ በሌላ መልክ፣ የራሱን ትምህርት ነበር ማለት ነው።

ለካ ከዚያ በር ወዲያ የሚነሳው ጥያቄ «እንዴት እናቁመው?» አይደለም። «ምን እንስጠው?» ነው። ሁሉንም ላቁም ያለ ምንም አያቆምም። የማይሸነፈውን ለመግጠም መጀመሪያ የምትሸነፍበትን ቦታ ራስህ ትመርጣለህ።

ዕቅድ ካለ ድል አለ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በ1991 የቢልሱ ስካት ኖርውድ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የመታት ኳስ ወደ ቀኝ ባትስት ኖሮ ሙዚየም የሚገባ ወረቀት ባልነበረ። በ2008ም ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ ሲቀር ብሬዲ ለሞስ ወርውሮ 14 ለ 10 መርቶ ነበር። ጃያንትስን ያዳነው ዴቪድ ታይሪ የተባለ፣ ብዙም ኳስ የማይወረወርለት ሰው፣ ተከላካይ እላዩ ላይ ተንጠልጥሎበት ኳሷን በአንድ እጁ ከሄልሜቱ ጋር አጣብቆ መያዙ ነው። ያንን በር ዘግቶ ያቀደ ሰው የለም። ዕቅድ ያደረገው፣ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ጨዋታውን ዕድል ሊደርስበት በሚችልበት ርቀት ማቆየት ነው።

ይህንን እኛ ከሌላው ወገን ሆነን እናውቀዋለን። እኛ የማይሸነፈው ሰው ባለቤቶች ነበርን እኮ! ፖል ቴርጋት በ1996 አትላንታ ላይ ኃይሌን ዙሮች እየቀሩ በረጅሙ ሊያደክመው ሞከረ፤ አልሆነም። በ2000 ሲድኒ ላይ ዕቅዱን ገልብጦ መጣ፤ መጨረሻው ዙር ድረስ ታገሰና ድንገት ተፈተለከ። እኛ ቴሌቪዥን ፊት ትንፋሻችን ቆመ። በመቶኛ ዘጠኝ ሰከንድ ተሸነፈ። ያኔ ለኃይሌ ስንጮህ፣ ያ ኬንያዊ ምን ያህል አስቦ እንደመጣ ልብ ያለው ስንታችን ነን?

የልጄ ጨዋታ ዓርብ ማታ ነበር። አሰልጣኙ ሩጫውን ለመስጠት ወስኖ ኖሯል። ያ ሁሉ ወሬ የተወራለት ኳርተርባክ ልጅ ሦስት ሰከንዱን ብዙ ጊዜ አላገኘም፤ ልጄም መሀል ገብቶ አንድ ጊዜ ጣለው። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ልታይ መጥታ፣ ልጇ በወደቀ ቁጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር። እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እኩል ነበሩ። ከዚያ እነዚያ ልጆች እየሮጡ፣ እየሮጡ መጥተው አገቡ። 24 ለ 17።

መኪና ውስጥ ምን ብዬ እንደማጽናናው ሳስብ፣ እሱ ቀደመኝ። «የሰጠናቸው ሩጫ ነው የገደለን» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ግን መስጠት የነበረብን እሱኑ ነው» አለ። ይህን አረፍተ ነገር ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሊናገሩት አይችሉም። እኛ ስንሸነፍ ወይ ዳኛው ነው፣ ወይ ዕድላችን ነው፣ ወይ ሰው ነው ያስበላን። አስቤ ሰጥቼ፣ በሰጠሁት ተሸነፍኩ፣ ቢደገምም እሰጠዋለሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከቤቴ አልወጣም። ምክንያቱም እኛ ስደተኛ ወላጆች በየቤታችን የምንገጥመው አንድ የማይሸነፍ ቡድን አለ። ይህች አገር ናት። የሰው ልጅ በመውሰድ በኩል ያላት ታሪክ ያስፈራል። ጀርመኑ መጣ፣ ጣሊያኑ መጣ፣ ፖላንዱ መጣ፤ ሁሉም ቋንቋውን፣ ምግቡን፣ ጸሎቱን ይዞ ነው የመጣው። የልጅ ልጆቻቸውን ብትጠይቋቸው የአያታቸውን ቋንቋ ሦስት ቃል ይነግሯችኋል፤ ሁለቱ የምግብ ስም ነው።

እኛ ደግሞ ሁሉንም ልናቆም እንሰለፋለን። አማርኛውም ይቻል፣ ቤተ ክርስቲያኑም አይቅር፣ ውጤቱም ኤ ይሁን፣ ስልኩም ይቀመጥ፣ ጓደኛውም ይመረጥ፣ እንጀራውም ይበላ፣ ፀጉሩም ይስተካከል! በሁሉም በኩል ሰው ልከን ኋላችን ባዶ ይቀራል። ልጁ ክፍቱን ቦታ ያየዋል፤ እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ሜዳውን ከኛ በላይ ያነባል።

እኛ ቤት የተሰጠው ብዙ ነው። ፀጉሩ ተሰጥቷል። ሙዚቃው ተሰጥቷል። እንጀራው ከፊሉ ተሰጥቷል። ባለቤቴም ጨዋታውን ሰጥታለች፤ ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ ከተመታ ግን በዚያው እንደሚያበቃ ተፈራርመው ነው። ያልሰጠነው አንድ ነገር ነው። እሑድ ከሰዓት አዲስ አበባ ያሉት አያቱ ሲደውሉ፣ ልጁ ያለ አስተርጓሚ ያወራቸዋል። የፈጀውን ይፍጅ፣ ቃል ይጥፋው፣ ይንተባተብ፤ እኔም እናቱም ጣልቃ አንገባም። ሰባቱን ሰው ከኋላ ያስቀረነው እዚያ ነው።

ይበቃል ወይ ለሚለኝ መልስ የለኝም። ኳርተርባኩ የሚፈልገው ሦስት ሰከንድ ነው፤ ይህች አገር የምትፈልገው ሦስት ትውልድ። እኛ ሁለተኛው ላይ ነን።